በማሸነፍ የወረድንበት ዓመት

የዚያን አገር ስም መጥራት አያስፈልግም። ሰዉ እንደማንኛውም አገር ሰው ነው፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ከሌላው የሚለየው በዱላ ኳስ ነው። እዚያ አገር ዱላ ኳስ የማይጫወት ኮሌጅ ከኮሌጅ አይቆጠርም። ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ኳሷን ይወረውራል፤ ወርዋሪ ይባላል። ከሌላኛው ቡድን ደግሞ አንዱ በዱላ ሊመታት ይሞክራል። መትቶ በአራት ድንጋዮች ዙሪያ ሮጦ ከተመለሰ አንድ ዙር ይቆጠርለታል። ከሳታት ከኋላው ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይቀልባታል፤ መቺውም ይወጣል። ያ ቀላቢ እኔ ነበርኩ። የግራ እጄ ጣቶች እስከ ዛሬ አልዘረጋ የሚሉኝ በዚያ ምክንያት ነው።

የተማርኩት በገመድ ሥራ ኮሌጅ ነው። ከተማችን በቃጫ እርሻ የተከበበች ስለሆነች ከገመድ ሌላ የሚማሩት ነገር መኖሩ ለማንም ትዝ ብሎት አያውቅም። ከወንዙ ማዶ የሳሙና ሥራ ኮሌጅ አለ። እኛ እነሱን «አረፋ» እንላቸዋለን፤ እነሱ እኛን «ቋጠሮ» ይሉናል። ዝምድናችን ይኸው ነበር።

በዚያ ዓመት ከበላይ አንድ መመሪያ ወረደ። በየዓመቱ መጨረሻ አሥራ ስድስት ኮሌጆች የሚጠሩበት ታላቁ ውድድር የሚባል አለ። መመሪያው፣ ወደ ታላቁ ውድድር ያልተጠራ ኮሌጅ ከተጠራ ጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል፣ ስሙም ይሰረዛል ይላል። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው «ለጥራት ነው» ተባለ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

አሰልጣኛችን ጋሽ አንዳርጌ ይባላሉ። ጠዋት ቋጠሮ ያስተምራሉ፣ ከሰዓት ኳስ ያሠለጥናሉ። መመሪያው የመጣ ዕለት ሜዳው ላይ ሰበሰቡንና፣

«ልጆች፣ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «እናሸንፋለን፤ ይጠሩናል።»

ከልባቸው ነው ያሉት። የጋሽ አንዳርጌ አንድ ጉድለት ነገር ሁሉ ቀላል መስሎ የሚታያቸው መሆኑ ነው።

ደግሞም የሚያኮራ ወርዋሪ ነበረን። ሽመክት ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። በትምህርቱ እንኳ ይህን ያህል አልነበረም፤ እሱ የቋጠረው ገመድ መምህሩ ዞር ሳይል በራሱ ጊዜ ይፈታል። ኳስ ሲወረውር ግን መቺው ኳሷን የሚያያት እኔ እጅ ከገባች በኋላ ነው።

እናም አሸነፍን። ሳሙናን ሁለት ጊዜ አሸነፍን። የንብ እርባታ ኮሌጅን አሸነፍን። የጃንጥላ ኮሌጅን በዝናብ አሸነፍን፤ ይህ ለእነሱ ትልቅ ውርደት ነበር። ከየጨዋታው በኋላ ከደረጃ መሥሪያ ቤት የሚላከው ወረቀት ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስንጀምር አሥራ ዘጠነኛ ነበርን። ሳሙናን ስናሸንፍ ሃያ ሦስተኛ ሆንን። ንቦቹን ስናሸንፍ ሃያ ስምንተኛ። ጃንጥላን ስናሸንፍ ሠላሳ አንደኛ። የከተማው ሰው መጀመሪያ የማተሚያ ቤት ስህተት መሰለው። በኋላ አንዳንዱ «እናንተ ልጆች፣ እውነት ነው የምታሸንፉት?» እያለ ይጠይቀን ጀመር።

ጋሽ አንዳርጌ እኔን አስከትለው ወደ ደረጃ መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ሄዱ። የተቀበሉን ወይዘሮ የሻረግ ናቸው፤ የሥራ መደባቸው «የደረጃ አስረጂ» ይባላል። መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘኔታ አዩን።

«እንደምን ዋላችሁ? ደህና ናችሁ ወይስ አሸነፋችሁ?»

«አሸነፍን» አሉ ጋሽ አንዳርጌ።

«ውይ፣ እኔን! በሉ ተቀመጡ።»

ተቀመጥን።

«ደረጃ የሚወጣው ስንት ጊዜ አሸነፋችሁ ተብሎ ብቻ አይደለም» አሉ። «ማንን አሸነፋችሁ ይባላል። እናንተ ማንን አሸነፋችሁ? ሳሙናን። ሳሙናስ ማንን አሸንፏል? እስካሁን የተጫወተው ከእናንተ ጋር ብቻ ነው፤ ሁለቴም ተሸንፏል። እንግዲህ ደካማ ቡድን ነው። ደካማ ያሸነፈ ደግሞ ይወርዳል።»

«ደካማ ያደረግናቸው እኮ እኛ ነን!»

«ይኸው፣ ገባዎት» አሉ ወይዘሮ የሻረግ ደስ ብሏቸው። «ሁሉም ሰው እንዲህ ቶሎ አይገባውም።»

ጋሽ አንዳርጌ ኮፍያቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «እና ምን ይሻለናል?»

«ወይ ከትልልቆቹ ጋር ተጫወቱ፤ ብትሸነፉም ይያዝላችኋል። ወይ ጎረቤቶቻችሁ ይጠንክሩ።»

«ስሌቱን ማስተካከል አይቻልም?»

«እኔ አስረጂ ነኝ። አስተካካይ ሌላ የሥራ መደብ ነው።»

«ቢሮው የት ነው?»

«መደቡ ክፍት ነው። ማስታወቂያው ከወጣ ቆይቷል።»

እውነት ለመናገር ደግ ሴት ናቸው። እስከ በሩ ሸኙንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከተቻለ እስቲ አንዷን እንኳ ተሸነፉ» አሉን።

ጋሽ አንዳርጌ በመጀመሪያ ትልልቆቹን ሞከሩ። በዋናው ከተማ የፕሮቶኮል ኮሌጅ የሚባል አለ። ማን ከማን ቀድሞ በር እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ አራት ዓመት የሚያስተምር ኮሌጅ ነው። በዚያን ጊዜ በደረጃ አንደኛ ነበር። ጋሽ አንዳርጌ ስልክ ደወሉ። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ሰማሁ።

«ጨዋታችሁን እናደንቃለን፤ ከሩቅ» አለ የማዶው ድምፅ። «ከእናንተ ጋር ተጫውተን ብናሸንፍ ደረጃችን ይወርዳል። ብንሸነፍ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱን በስልክ አንነጋገርበትም። ለሁላችንም የሚበጀው አለመተዋወቃችን ነው።»

ስለዚህ የቀረን ጎረቤቶቻችንን ማጠንከር ነበር። ጋሽ አንዳርጌ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ድልድዩን ተሻግረው ሳሙና ኮሌጅ ገቡ። የሳሙና አሰልጣኝ ጋሽ ደምመላሽ ይባላሉ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ተጠራጣሪ ሰው ናቸው። ሜዳቸው መሃል ቆመው ጠበቁን።

«ምን ፈልገህ መጣህ?»

«እንድታሸንፉ ፈልጌ።»

«ማንን?»

«ከእኛ በቀር ሁሉንም።»

ጋሽ ደምመላሽ አንዴ እኛን አንዴ ወንዙን አዩ። «መርዝ ነገር አላመጣችሁም?»

«ሽመክትን ነው ያመጣሁልህ። ወርዋሪህን ያስተምርልሃል።»

የሳሙና ወርዋሪ አምሳሉ ይባላል። ጉልበት አለው፤ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ግን እሱም ከተመልካቹ እኩል ነው የሚያውቀው። ሽመክት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወንዙን እየተሻገረ፣ እግሩን እንዴት እንደሚተክል፣ ትከሻውን መቼ እንደሚያዞር፣ ኳሷን በየትኛው ጣቱ እንደሚለቃት አሳየው። ዝምተኛው ሽመክት እዚያ ሲደርስ ወሬኛ ይሆን ነበር። ማታ ሲመለስ «ዛሬ እኮ አምሳሉ እንዲህ ወረወረ» እያለ በትራስ ያሳየናል።

ሳሙና ጃንጥላን አሸነፈ። ከዚያ ንቦቹን አሸነፈ። ከዚያ ከሩቅ የመጣ አንድ የሰዓት ጥገና ኮሌጅ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀርቶ ተሸነፈለት። ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ እኛ ሃያ ሰባተኛ ሆንን። ሳንጫወት መውጣት እንዲህ እንደሚጥም አላውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ ከተማው ሁሉ ነገሩ ገባው። ሳሙና በሚጫወትበት ቀን ድልድዩ በእኛ ሰው ይሞላል። አረፋ የሚለው ስድብ የማወደሻ ስም ሆነ። የገመድ ነጋዴው አቶ ቢያዝን ለሳሙና ኮሌጅ ገንዘብ ላለመስጠት ብለው ዕድሜያቸውን በእንዶድ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው እንኳ ከእነሱ ሳሙና ገዝተው ሲታጠቡ ተገኙ፤ በዚያ ቀን ያወቃቸው ሰው ጥቂት ነው። እናቶች «አምሳሉን ጠብቅልን» እያሉ መጸለይ ጀመሩ። እኛ ተጫዋቾቹ ግን ስንጫወት የሚያየን ሰው አልነበረም። አሸንፈን ደግሞ ደረጃችንን እንዳናወርደው ሰዉ ይፈራላ።

ወቅቱ ሊያልቅ ሲል የፕሮቶኮል ኮሌጅ ራሱ ደወለ። የደረጃ መሥሪያ ቤቱ በሰው ሜዳ ለሚደረግ ጨዋታ ተጨማሪ ነጥብ እሰጣለሁ ስላለ፣ ሄደው የሚያሸንፉት የማያሳፍር ቡድን እየፈለጉ ነበር። ሃያ ሰባተኛ አያሳፍርም ተባለ።

መጡ። ሜዳ ለመግባት ራሱ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ቡድን መሪው ይቅደም፣ በዕድሜ ትልቁ ይቅደም ተባብለው በሩ ላይ እርስ በርስ ሲገባበዙ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። ከገቡ በኋላ ግን ቀልድ አልነበረም። ከእነሱ የተሻለ መቺ አይቼ አላውቅም። ሽመክትም እንደዚያ ቀን ወርውሮ አያውቅም። እጄ እስኪደነዝዝ ቀለብኩ። የጨዋታው መጨረሻ ሲደርስ በአንድ ዙር እንመራለን፤ የቀረን አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጋሽ አንዳርጌ እጃቸውን አንሥተው ጨዋታው እንዲቆም አደረጉና ወደ እኔና ወደ ሽመክት መጡ። 

«ወይዘሮ የሻረግ ልከውብኝ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «በአንድ ዙር ብንሸነፍ አሥራ አራተኛ እንሆናለን። ይጠሩናል።»

«ብናሸንፍስ?» አልኩ እኔ።

«ብናሸንፍ ምን እንደሚሆን አላሰሉትም። ያሸንፋሉ ብለው አላሰቡማ።»

ሽመክት ኳሷን በእጁ አገላበጣት። ከዚያ «ጋሼ፣ መሸነፍ እኮ አላስተማሩኝም» አለ። ሊያሾፍ ብሎ አይደለም። እንዴት እንደሚደረግ ስላላወቀ ነው።

ጋሽ አንዳርጌ ሜዳውን ዞር ብለው አዩት። ድንጋዮቹን በወጣትነታቸው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።  «እሱስ እውነትህን ነው» አሉ። «በል ወርውር።»

ወረወረ። መቺው ዱላውን በአየር ላይ ሲያዞር ኳሷ እኔ እጅ ውስጥ ነበረች።

በዚያ ቀን የሆነውን ደስታ መናገር አልችልም። የማያውቁት ሰው ሁሉ ይስመናል። አቶ ቢያዝን ሱቃቸውን ከፍተው ገመድ ለሕዝብ በነፃ አደሉ፤ ሰዉ ምን እንደሚያደርግበት ባያውቅም ተቀበለ። የሳሙና ልጆች ከማዶ መጥተው ሽመክትን በትከሻቸው ተሸክመው ሦስት ጊዜ አዞሩት።

በማግስቱ ወይዘሮ የሻረግ ዘንድ ሄድን።

«ምነው አንደኛውን ባሸነፋችሁ ኖሮ» አሉ ገና ሳንቀመጥ። «ሦስተኛ ትሆኑ ነበር።»

«አንደኛውን እኮ ነው ያሸነፍነው!»

«ስታሸንፉት አንደኛነቱ ቀረ። ሃያ ሰባተኛ ያሸነፈው ቡድን እንዴት አንደኛ ይሆናል? አሥራ ሁለተኛ ሆኗል። ስለዚህ ያሸነፋችሁት አሥራ ሁለተኛውን ነው።»

«እና እኛስ ስንተኛ ነን?»

«አሥራ ሰባተኛ» አሉና በእጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሴትየዋ እውነትም አዝነው ነበር።

አንድ ተስፋ ቀረን፤ መራጮቹ። በመጨረሻ አሥራ ስድስቱን የሚመርጡት ሰባት ሰዎች ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚሾም ሰው ዱላ ኳስ አይቶ የማያውቅ መሆን አለበት፤ ካየ ያዳላል ተብሎ ይፈራል። ሰብሳቢያቸው በራዲዮ ቀርበው «ደረጃ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ እኛ ሁሉን ነገር አገናዝበን ነው የምንመርጠው» ሲሉ ጋሽ አንዳርጌ ተስፋ አደረጉ።

የተመረጡት ስም በሚነበብበት ዕለት የከተማው ሰው በኮሌጁ አዳራሽ ተሰብስቦ ራዲዮ ከበበ። አሥራ አምስቱ ተነበቡ። እኛ የለንም። አንባቢው ውኃ ጠጣ፤ በራዲዮ ሲውጥ ሰማነው።

«አሥራ ስድስተኛ፣ የሳሙና ሥራ ኮሌጅ!»

 ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው በለመደው አጨበጨበ። ሌላውም በለመደው ተከተለ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ሞላ። «ሳሙና! ሳሙና!» እያልን ትንሽ ከቆየን በኋላ ምን እየሆነ እንዳለ ገባንና አንድ በአንድ አቆምን።

ጋዜጠኛው ሰብሳቢውን ጠየቃቸው። «ሳሙና በምን ተመረጠ?»

«ሳሙና በዚህ ዓመት የተሸነፈው ፈጽሞ ባልተሸነፈ ቡድን ብቻ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።»

«ያ ያልተሸነፈው ቡድንስ ለምን አልተጠራም?»

«እሱማ ማንን አሸነፈ?» አሉ ሰብሳቢው። «ሳሙናን ነው።»

ጋሽ አንዳርጌ ተነሥተው ራዲዮውን ዘጉት።  ወጥተው ሜዳው ላይ፣ አንደኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነገር ቀላል እንደሆነ ሳይናገሩ የዋሉበትን ቀን ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

መመሪያው ወዲያው ተፈጸመ። የኮሌጃችን ሰሌዳ ተነቀለ፤ የነቀለው ሠራተኛ በገመድ አስሮ ሊያወርደው ሲል ገመዱ ስላልበቃው ከእኛው ተበደረ። እኛም የሳሙና ኮሌጅ ተማሪዎች ተባልን። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ደምመላሽ ድልድዩን ተሻግረው መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«አንዳርጌ» አሉ፤ «የመጣሁት ልለምንህ ነው። ሽመክት በመመሪያው የእኛ ሆኗል። በውድድሩ ላይ ይወርውርልን? እንቢ ካልከኝ አልቀየምህም።»

«ስሜን ሰርዘው ልጄን ደግሞ ይለምኑኛል!» አሉ ጋሽ አንዳርጌ በንዴት። ከዚያ ግን የጋሽ ደምመላሽን ፊት አይተው ረገብ አሉ። «አንተ ምን አጠፋህ። ራሱን ጠይቀው።»

ሽመክት ብዙ አላሰበም። «አምሳሉ ይወርውር» አለ።

«አንተ ብትወረውር እኮ እናሸንፋለን!» አልኩት እኔ። ከእሱ ጋር ወደ ውድድሩ ልገባ ልቤ ቋምጦ ነበር።

«ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኩት ልቀማው ነው እንዴ?» አለኝ። «አንተ ግን ቅለብለት። የእሱ ቀላቢ ኳሷን ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል።»

ወደ ዋናው ከተማ ሄድን። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለው ሰው በጭነት መኪና ተከተለን። የደረሰን የፕሮቶኮል ኮሌጅ ነው፤ እንደገና አንደኛ ሆኖ ነበር። እንዴት እንደሆነ ወይዘሮ የሻረግም ሊያስረዱን አልቻሉም። አምሳሉ መጀመሪያ ላይ አንዷን ኳስ የክብር እንግዶች መቀመጫ ውስጥ ወረወራት። ሽመክት ከመስመሩ ዳር «ትከሻህን! ትከሻህን!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ያን ቀን የተናገረው ዓመቱን ሙሉ ከተናገረው ይበልጣል። አምሳሉ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። በመጨረሻ በአንድ ዙር ተሸነፍን። አምሳሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ሽመክት አነሣው፤ መናገር ስላልቻለ ጣቱን አውጥቶ ኳሷን እንዴት ጥሩ አድርጎ እንደለቀቃት በምልክት አሳየው።

ስንመለስ ወይዘሮ የሻረግ ድልድዩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! በአንደኛው በአንድ ዙር በመሸነፋችሁ አምስተኛ ሆናችኋል። ምክሬን ከሰማችሁ በሚቀጥለው ዓመት ከማንም ጋር አትጫወቱ። እንዲሁ ተቀምጣችሁ ትጠራላችሁ።»

ሰዉ ይደሰት ወይ ይዘን ሳያውቅ ቆመ። ጋሽ አንዳርጌና ጋሽ ደምመላሽ ተያዩ።

«እሑድ ምን ሥራ አለህ?» አሉ ጋሽ አንዳርጌ።

«ምንም።»

«እንግዲያው ገመድ ከሳሙና እንጫወት። በእኛ ሜዳ።»

«አይሆንም!» አሉ ወይዘሮ የሻረግ ደንግጠው። «አሁን አንድ ኮሌጅ ናችሁ። አንድ ኮሌጅ ከራሱ ጋር ተጫወተ ብዬ የት ላስገባው?»

«የትም አያስገቡት፣ እሜቴ» አሉ ጋሽ አንዳርጌ። «መጥተው ይዩት።»

እሑድ መጡ። ስንት ዓመት ደረጃ ሲያስረዱ ኖረው ጨዋታ አይተው እንደማያውቁ ያን ዕለት ነገሩን። አቶ ቢያዝን አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ያኛው ወርዋሪ ነው፣ ይኸኛው ቀላቢ ነው እያሉ አስረዷቸው። ሽመክት ለገመድ፣ አምሳሉ ለሳሙና ወረወሩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት እግር ይተክላሉ፣ አንድ ዓይነት ትከሻ ያዞራሉ፤ ልክ አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚጣላ ይመስላል። እኩል ለእኩል ሆነን መጨረሻው ላይ ስንደርስ፣ አንድ የሳሙና ልጅ የሽመክትን ኳስ መታት። እንዴት እንዳያት አላውቅም። ኳሷ በቃጫው እርሻ ላይ አልፋ ሄደች፤ ልጁም እየሳቀ ድንጋዮቹን ዞረ።

ሳሙና አሸነፈን። በዚያ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወይዘሮ የሻረግ መነጽራቸው ወድቆ፣ ነጠላቸው በአንድ ትከሻቸው ቀርቶ፣ ቆመው ይጮሁ ነበር፤ ለማን እንደሚጮሁ ግን አይታወቅም። ጋሽ ደምመላሽ መሃል ሜዳ ድረስ ሮጠው ሄዱና እዚያ ሲደርሱ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። 

ጋሽ አንዳርጌ ቀስ ብለው ሄደው አጠገባቸው ቆሙ። መሀረባቸውን አውጥተው ሰጧቸው።

«በቃ፣ አታልቅስ» አሏቸው። «ገና ፀሐይ አለ። ልጆችህን ውኃ አጠጣና ሌላ እንጀምር።»